ማዳም የሰጠችኝ እንክብል

ለሥራ ወደ ሪያድ ልሄድ ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ነው። እናቴ ትኩስ የማሾ ንፍሮ በፌስታል ቋጥራ በመኪናው መስኮት አቀበለችኝ፤ ማልቀሷን እንዳላይ ቶሎ ዞረች። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ አንቀጠቀጠኝና «ሪያድም እንዲህ ይሆን?» አልኩ። ሞኝነቴ! የሪያድ ሙቀት የእኛን ያስመሰግናል። የእኛው ሲመሽ በሮቢ ወንዝ በኩል ነፋስ ይልካል፤ የዚህኛው ሌሊትም እንደ ምድጃ ነው።

ሰው ቤት ተቀጥሬ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ ግራ እግሬ አበጠ። ሱዳናዊ ሐኪም አየኝና «ደም ሥርሽ ውስጥ ደም ረግቷል» ብሎ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ አዘዘልኝ። ደሜን በየጊዜው እንድመረመር፣ እሱን ሳልጠይቅ ሌላ መድኃኒት እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። አሠሪዬ ማዳም አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ረመዳን ሲገባ እንግዳው በዛ፤ ወገቤ ተቆረጠ፣ መቆም አቃተኝ። ማዳም ባሏ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ከታዘዘለት የተረፈ ማስታገሻ አመጣችልኝ፤ ትራማዶል ነው።

«ማዳም፣ ሐኪሙ ሳትጠይቂ አትውሰጂ ብሏል» አልኳት።

«ሐኪሙ መጥቶ ሳምቡሳ ይጠብስልኛል?» አለችኝ።

ዋጥኩት። ሕመሙ እውነትም ለቀቀኝ፤ ስለዚህ በየቀኑ ወሰድኩት። ከዚያ ድዴ ይደማ ጀመር። ሳልመታ ክንዴ በለዘ፤ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። አንድ ቀን ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ዞሮብኝ ወደቅኩ። አፍንጫዬ ሲደማ አልቆም አለ።

«ምንጣፉን! ምንጣፉን!» እያለች ማዳም ጮኸች።

ሆስፒታል ተወስጄ ያው ሐኪም የወሰድኩትን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ይሄ እንክብል ደም ማቅጠኛውን ያበረታዋል፣ ሆድሽ ውስጥ እየደማሽ ነው። ደግሞም ያፈዛል፤ ወድቀሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ብትደሚ ማን ይደርስልሽ ነበር?»

ደም ሰጥተውኝ በአላህ ፈቃድ ተረፍኩ። ወደዚህ የላከኝ ኤጀንሲ ተወካይ፣ ያገራችን ሰው፣ ሊጠይቀኝ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

«እኛ የላክነው ጤነኛ ሰው ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ጋሼ፣ እዚህ ነው እኮ የታመምኩት።»

«መታመም ካማረሽ አገርሽ ገብተሽ አትታመሚም?»

ተመልሼ እዚያው ቤት ገባሁ። ዋርፋሪኑን ዛሬም እወስዳለሁ፤ በገዛ እጅ ማቆሙም ያው አደጋ ነው። እህቶቼ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ፣ የሰው ማስታገሻ ሳትጠይቁ አትቀበሉ። ማዳም ብትቆጣም ትቆጣ።

ከእናቴ ደብቄው ነበር፤ ትናንት ስልክ ላይ አመለጠኝ። ብዙ አለቀሰች።

«ልጄን፣ እኔ ጋ ነይ። ጥቁር አዝሙድ በማር በጥብጬ ሳጠጣሽ ይሻልሻል።»

«እማዬ፣ ጥቁር አዝሙዱንም ሐኪም መጠየቅ አለብኝ።»

«ጎመንስ? ጎመን ትወጂ አልነበር?»

«እሱም መድኃኒቱን ያደክመዋል፣ በልክ ነው ብለውኛል።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ለልጄ ምን ላብላት ብዬ የማላውቀው ሰው ልጠይቅ?»

ማዳም ከታች ስትጠራኝ እናቴ በስልኩ ሰምታ «ሂጂ በቃ፣ እንዳትቆጣሽ» አለችኝ።