አንቀጽ ሰባትና የማሽላ ጠላ

በወጣትነቴ ሻይ የምጠጣው በአራት ማንኪያ ስኳር ነበር። ዛሬ ጥቂት ስኳር የነካው እንደ ሆነ ብርጭቆውን እመልሳለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰቆጣ በገባሁ ሰሞን ከረባት ሳላስር ደጅ መውጣት ራቁቴን የመሄድ ያህል ይከብደኝ ነበር፤ አሁን አንገቴን የሚነካ ነገር ሁሉ ያስቆጣኛል። ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን እወድ ነበር፤ ዛሬ ትንፋሽ የማይሰጠኝን ጸሐፊ ሦስተኛው ገጽ ላይ እሰናበተዋለሁ።

«እኔን ብቻ ሳትቀይረኝ ቀረህ» ትለኛለች ባለቤቴ።

«ፈርቼ ነው» እላታለሁ።

የሰው ጣዕም ከዕድሜው ጋር መለወጡ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ክፋቱ፣ አንድ ሰው በጎልማሳነቱ የወደደውን ነገር በጽሑፍ ደንግጎ ሌሎችን ሲገዛበት ነው። እኔ ይህን አድርጌያለሁ።

ወር በመጣ ቁጥር በየተራ በአባላቱ ቤት እየተሰበሰብን ጸሎት የምናደርስበት፣ ዳቦ የምንቆርስበትና ጠላ የምንጠጣበት የጽዋ ማኅበር አለን። የማኅበሩ መሪ በልማዳችን «ሙሴ» ይባላል። ሙሴ ሆኜ የተመረጥሁት የተማርሁ በመሆኔ ብቻ ይመስለኛል፤ እኔም የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ሌሎች ማኅበሮች በቃል የሚተዳደሩበትን ነገር በአሥራ አራት አንቀጾች ጻፍሁት። አንቀጽ ሰባት «ለማኅበሩ የሚቀርበው ጠላ የገብስ፣ ዳቦውም የስንዴ ብቻ ይሆናል» ይል ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ስለ ክብርና ስለ ወጥነት ብዙ ተናገርሁ። እውነቱ ግን የማሽላ ጠላ አለመውደዴ ነበር።

ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ መጥታ ከተማችን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከአባላቱ አንዷ ነበረች። ዝናብ በቀረበት ዓመት የመደገስ ተራዋ ደረሰ። ገብስ ከገበያ ጠፍቷል፤ በእጇ ያለው ወንድሞቿ ከዝቋላ የላኩላት ማሽላ ብቻ ነበር። ያንኑ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ ጠመቀችው። የማኅበራችን ቄስ ባረኩትና ዋንጫው ደረሰኝ። አንድ ጊዜ ፉት አልሁና አስቀመጥሁት። ከዚያም ደንቡን ከኪሴ አውጥቼ አንቀጽ ሰባትን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ።

ሌሎቹም ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ሴትዮዋ ዋንጫዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው ወር አልመጣችም፤ በዚያው ቀረች። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። መንገድ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታዋን አላጓደለችብኝም፤ ማኅበሩን ግን አልረገጠችም።

ባለፈው ጥር ጎረቤታችን የልጁን ክርስትና ደገሰ። ለወራት የገብስ ጠላ እንደ ውኃ ሆኖብኝ፣ «ጌሾውን ሰስተሻል» እያልሁ ባለቤቴን ሳስመርራት ከርሜ ነበር። በዚያ ቀን ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ ጠላ ሰጡኝ። ምሬቱ ከምላሴ ሥር ገባና የተቆላ እህል ጣዕም እየተወልኝ ወረደ። ሁለተኛ አስቀዳሁ። ሦስተኛ ሳስቀዳ ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«የማን እጅ ነው ይኼ?» አልኋት።

«ዝም ብለህ ጠጣ።»

«ጥሩ ጠማቂ መመስገን አለበት።»

«እንግዲያ ሂድና አመስግናት! በአንቀጽ ሰባት ያባረርካት ሴትዮ ናት። ለጎረቤት ብላ አንድ ጋን አዋጥታለች። የምትጠጣው ማሽላ ነው!»

ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለታችንም አርጅተናል፤ ከማኅበሩ መሥራቾች የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነን። ይህች ሴት ከጽዋው እንደ ተለየች ብትሞት የለየኋት እኔ ነኝ፤ የለየኋትም አሁን ደስ ብሎኝ በምጠጣው ነገር ምክንያት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ሄድሁ። ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አያ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ እንጂ።»

መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከመግቢያው አላለፍሁም።

«እቴ፣ ትናንት ጠላሽን ሦስት ዋንጫ ጠጣሁ።»

«አራት ነው» አለች ቀና ሳትል። «የቀዳችልዎት ነግራኛለች።»

ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ በኽምጣና አንድ ነገር ተናገረችና ሁለቱም ሳቁ። ቋንቋው የእናቴ ስለሆነ ገባኝ፤ «ጥርሱ ሲያልቅ ምላሱ አደገ» ነው ያለችው።

«አጥፍቻለሁ» አልሁ። «ያልጣፈጠው ለእኔ ብቻ ነበር፤ የፈረድሁብሽ ግን በማኅበሩ ስም ነው። ይቅር በይኝና ተመለሽ።»

ለቀማዋን አቆመች።

«ጠላዬን ስላልወደዱት አልከፋኝም። ሰው ያልወደደውን ይተዋል። ያነበቡብኝ ነው የከፋኝ።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ያነበበ አፍ ያንብብ። ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት ይሻሩት፤ ያውም በዚያ በትልቁ ድምፅዎ። ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ነበር። አባላቱ በቤቴ እንደ ተሰበሰቡ ተነሥቼ አንቀጽ ሰባት መሻሩን፣ ከዚህ በኋላ ደጋሹ ያለውን እህል እንደሚጠምቅ፣ በደሉም የእኔ መሆኑን አነበብሁ። ድምፄ እንደ ድሮው አልወጣም፤ እስከ በሩ ግን ደርሷል። ሴትዮዋ ደፍ ላይ ቆማ እያዳመጠች ነበርና። ንዑስ አንቀጾችን ልጨምር ስል ቄሱ «ይብቃዎት፣ ሙሴ፤ ጠላው እስኪሆመጥጥ ሊያነቡብን ነው?» አሉኝ። ሴትዮዋ ገብታ ድሮ ትቀመጥበት ከነበረው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች፤ ቦታ ለቀቁላት፤ አንዷ እልል አለች።

ጠላው ተባርኮ የመጀመሪያውን ዋንጫ በእጄ ሰጠኋት። አሸተተችው።

«ማሽላ ነው?»

«ለክብርሽ የተጠመቀ ነው፣ እቴ።»

«እኔ እኮ ማሽላ ከተውሁ ሰነበትሁ። ሆዴን አይስማማውም፤ የምጠምቀው ለሰው ነው። ገብስ የላችሁም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደገፉ። እኔ በድንጋጤ ባለቤቴን ስፈልግ ለካ ጓዳ ገብታ ኖሯል፤ ገንቦ ታቅፋ ተመለሰች።

«ይህን ሰውዬ አምኜ አንድ ዓይነት ብቻ ልጠምቅ ኖሯል?» አለችና የገብሱን ቀዳችላት።

ሴትዮዋ ግማሹን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እኔ ተመለከተችና «ሰፊ ነው ዋንጫችሁ፤ ሙሉልኝ» አለች።