የማኅበርተኛ ጎማ አይገለበጥም

አባቴ በሰው ፊት የማያደርጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰው ቤት ደጋግመው ሳይለምኑት አይበላም፤ ከማኅበርተኛው የገዛውን ዕቃ ደግሞ ገልብጦ አያይም። «ማኅበርተኛህን ከጠረጠርክ ጽዋውን ከማን ጋር ትጠጣለህ?» ይላል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ጎማ ምረጪ ተብዬ ስለነበር ሳልገለብጥ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በፊት ከነበረው በረዶ ነው። እናቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ናርሲንግ ሆም አሮጊቶች ትንከባከባለች። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ሺፍቷ ገና ሳይነጋ ከቤት ያስወጣታል፤ ከተማውን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ዞራ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ነው የምትደርሰው። አንድ ጠዋት ከድልድዩ መውጫ ላይ ፍሬን ስትይዝ መኪናው አልቆመላትም። ተንሸራቶ ተንሸራቶ የብረት አጥሩን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናውም አልተጫረም። እናቴ ግን ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ሁለተኛ በረዶ ላይ አልነዳም» አለች።

እናቴ ዛቻ አታውቅም። ከተናገረች ጨርሳ ነው። በቀሩት የብርድ ሳምንታት በረዶ ይጥላል በተባለ ቁጥር አባቴ ከራሱ ሥራ እየዘገየ አደረሳት፤ የእሱም አለቃ የእሷም አለቃ ፊታቸውን አጠቆሩ። በዚያ ሰዓት የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። «የሚቀጥለውም ብርድ እንዲህ ከሆነ ሥራውን እለቃለሁ» አለች። ሥራውን ትወደዋለች። አሮጊቶቹ ስሟን በትክክል መጥራት ባይችሉም እሷን ካላዩ ቁርስ አይበሉም።

መኪናችን ኤሌክትሪክ ነው፤ ከፍ ያለ፣ ሰፊ፣ ድምፅ የሌለው። ስንገዛው የነበረበት ጎማ የበጋ ጎማ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። የበጋ ጎማ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይደርቃል፤ መንገዱን አይቆነጥጥም። በዚያ ላይ ጥርሱ ተበልቶ ነበር። ለበጋውም ለበረዶውም አዲስ ያስፈልገናል ተባለ። እኔ ገና ኮሌጅ መግባቴ ነበር።

«እንግሊዝኛው አንቺ ዘንድ ነው» አለኝ አባቴ። «አንብቢና ምረጪ።»

ደስ አለኝ። እንደ ፈተና አጠናሁት። ባነበብኩ ቁጥር ግን ማንንም ማመን እያቃተኝ መጣ። ጎማውን የሚያመሰግነው ሁሉ ጎማ ሻጭ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ጎማ «የልጆቼን ሕይወት አዳነ» የሚል አስተያየት አየሁና ሆዴ ባባ፤ ወረድ ስል ሌላ ሰው ስለ ሌላ ጎማ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፎታል። ከዚያ በኋላ የተማመንኩት በመኪናው በር ላይ ብቻ ነው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጎማው ምን ያህል ክብደት መሸከም እንዳለበት በቁጥር ይናገራል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው። ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር በሩ ላይ ካለው ማነስ የለበትም። በሩ ምንም አይሸጥም ብዬ አመንኩት።

የመረጥኩትን ለአባቴ ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ። የምንገዛው ግን ከሙሴው ነው» አለ።

ሙሴ የምንለው በየወሩ በየተራ በየቤታችን የሚጠጣውን የጽዋ ማኅበራችንን ሰብሳቢ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጎሚስታ ነው። አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ በስፒከር ደወለለት።

«ሙሴ፣ እንደምን ከረምክ? ለባለቤቴ መኪና ጎማ ፈልገን ነበር፤ የበጋም የበረዶም።»

«ምን ዓይነት ይሁንላችሁ?»

እኔ የመረጥኩትን ስልኬ ላይ ከፍቼ አባቴ ፊት ዘረጋሁ። እንደ ዝንብ በእጁ አባረረኝ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ። አንተ እንዳየኸው።»

ከወዲያ ዝም ተባለ። «እኔ እንዳየሁት?»

«አንተ እንዳየኸው።»

«በቃ፣ ለእኔ ተወው።»

ያ ዝምታ አልጣመኝም። ስልኩ ሲዘጋ «አባዬ፣ የትኛውን እንደምንፈልግ እኮ አልነገርከውም» አልኩት።

«ለጎሚስታ ጎማ ይመረጥለታል? አላመነኝም ይላል።»

«ታዲያ እኔ ለምን መረጥኩ?»

አሰበ። «እሱ ሲመርጥ ትክክል መሆኑን እንድናውቅ» አለ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ሳቀች።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። ሱቁ ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው፤ ከጎማ ማውጫው ማሽን በላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ፣ የማኅበሩ ጻድቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ሙሴው እጁ ጥቁር ስለነበር በክርኑ ሰላም አለን።

«ግቡ፣ ግቡ! ምሁሯም መጥታለች!»

ወንበር አወጣልን፤ ሻይ ከፔርሙስ ቀዳልን። ወንበሮቹ ፊታቸው ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸው ወደ ሥራው ነበር። ይኼንንም ልብ አልኩት። ዞር ብዬ ሳይ መኪናችን በክሪክ ተነሥቷል፤ የበረዶ ጎማዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አዲስ ጎማ ጥርሱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። እነዚህ ወረቀት የላቸውም።

«ጋሼ፣ ወረቀቱስ?» አልኩ፣ በተቻለኝ ትሕትና።

«ምን ያደርግልሻል? ጎማ በወረቀት አይሄድም!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴ እየሳቀ እግሬን ረገጠኝ።

ሽንት ቤት ጠየቅኩና ተነሣሁ። ጎማዎቹ ጋ ስደርስ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ተንበረከክሁ። የተራራና የበረዶ ምልክቱ አለ፤ የእውነት የበረዶ ጎማ ነው። ትንሽ ተንፈስ አልኩ። ቀጥሎ የክብደቱን ቁጥር ፈለግሁ። ከዚያ ውስጥ ቻርጀር ረሳሁ ብዬ የሙሴውን ሠራተኛ መኪናውን አስወረድኩትና በሩን ከፈትሁ። የጎማው ቁጥር በሩ ላይ ካለው ያንሳል። ተመልሼ ሌላኛውን ጎማ አየሁ። እሱም ያንሳል።

ሌላ ቦታ ቢሆን «ይቅርታ፣ ተሳስተዋል» እል ነበር። እሱ ግን ጽዋው እኛ ቤት ሲጠጣ ራስጌ የሚቀመጥ፣ አባቴ ጫማውን የሚያስተካክልለት ሰው ነው። ቆሜ ሳስብ የመጣልኝ ሐሳብ ክፉ ነበር። ሌላ ሰው የማይገዛውን ጎማ ለእኛ ያወጣው እንደማንገለብጠው ስለሚያውቅ ቢሆንስ? ዕቃው ለማይገለበጥበት ሻጭ ማኅበር እንዴት ያለ ገበያ ነው! በየወሩ «ይጽናችሁ» የሚለን አፉ ሳይቀር ሌላ መሰለኝ።

ተመልሼ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ድልድዩ ላይ ይይዘኛል?»

«በረዶውን ይይዛል። መኪናውን መሸከሙን ግን በሩ አላመነም።»

ሻይዋን አስቀምጣ ተነሣች። አባቴ «ወዴት?» አላት።

«መኪናዬ ናፈቀችኝ» አለችና ሙሴው ጋ ሄደች። «ሙሴ፣ አንተ ይኼን ጎማ በሚስትህ መኪና ላይ ትገጥመው ነበር?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። «የሚስቴ መኪና ቀላል ናት» አለ።

«የእኔዋ ከባድ ናት። በዚያ ላይ እኔ ራሴ አለሁባት።»

መሳቅ ያማረው ሰው አልነበረም። ሙሴው የተመለከተው እናቴን ሳይሆን አባቴን ነው።

«አንተ፣ ልጅህን ኮሌጅ አስገብተሃል። ምን ዓይነት ስልህ ‹አንተ እንዳየኸው› አልከኝ፤ ደግሜ ስጠይቅህ ደገምከው። እጅ ቢያጥረው ነው፣ መናገር አፍሮ ነው አልኩ። በዋጋ ቀለል ያለውን አመጣሁ፤ ወረቀቱንም ዓይነቱን አይተህ እንዳትሸማቀቅ ብዬ ላጥኩት። ልኩ ይገጥማል፤ ቀስ ብላ ከነዳች…»

«እጅ አጠረኝ አልኩህ?» አባቴ ከወንበሩ ተነሥቷል።

«አላልክም። ሰው እንዲህ ያለውን በአፉ ይናገራል?»

«ታዲያ አትጠይቀኝም?»

«እንዴት ብዬ? በስፒከር፣ ልጅህ እየሰማች፣ ‹ወንድሜ፣ አለህ ወይስ የለህም› ልበልህ? አንተስ የምትፈልገውን አትነግረኝም?»

«ጎማ ላስተምርህ?»

«እናንተ ስትተዛዘኑ እኔ ከድልድዩ ልውደቅ?» አለች እናቴ።

አባቴ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሙሴው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ የትኛውን መርጠሽ ነበር?» ስልኬን ሰጠሁት። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየውና «ክብደቱን ይችላል። ግን መንገድ ላይ ይጮኻል፤ በዚህ ዝምተኛ መኪና ጆሮዋን ያደነቁራታል» አለ። ሌላ አሳየኝ። የእኔን ምርጫ የነቀፈው እሱ ስለማይሸጠው ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ቤት ስገባ ባነብ ሰዎች በጩኸቱ የሚያማርሩ ሆነው ተገኙ። እነሱም ቢሆኑ የሌላኛው ኩባንያ ሰዎች ይሆኑ እንደሆን አላውቅም።

ትክክለኞቹ ጎማዎች በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ፤ የበረዶውም የበጋውም፣ ከነወረቀታቸው። ሙሴው አንዱን እያንከባለለ እግሬ ሥር አምጥቶ አቆመው።

«ነይ፣ ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። ቁጥሩን ከበሩ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። አባቴ ይኼ ሁሉ ሲሆን ወደ መንገዱ ዞሮ ያልፍ የነበረ አውቶቡስ ያይ ነበር።

ሙሴው የነገረንን እስካሁን አገላብጠዋለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ አባቴ በእሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። ግን ታሪኩ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የመጣው። አዝኖልን አመጣሁ ያለውን ጎማ በእርግጥ በርካሽ ሊሰጠን ነበር ወይ ብዬ ማጣራት ፈልጌ ነበር፤ ለካ አባቴ ዋጋውንም አልጠየቀም ነበር።

አፓርታማችን በረንዳ ላይ ጎማ ማስቀመጥ ስለማይፈቅድ የበጋዎቹ ብርዱ እስኪወጣ እሱ ዘንድ ቀሩ። ስንሰናበት በእያንዳንዳቸው የውስጥ ጎን፣ በማይታይበት በኩል፣ በእናቴ የጥፍር ቀለም ትንሽ የመለያ ነጥብ አድርጌ ወጣሁ። እናቴ ቀለሟ ሲጎድል አልጠየቀችኝም።

በረዶው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጣ። ሳይነጋ ስነቃ እናቴ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቁልፉን ጨብጣ መስኮቱ ጋ ቆማለች። አባቴ አልጋው ላይ የለም። አጠገቧ ሄጄ ወደ ታች አየሁ። አባቴ በፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ የኋላው ጎማ ጋ ቁጢጥ ብሏል። በስልኩ መብራት እያየ ከጎማው ጎን በረዶውን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። ከዚያ ተነሥቶ የሾፌሩን በር ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። ቀጥሎ ወደ ፊተኛው ጎማ ሄደ።

ተከታትለን ወረድን። ሲያየን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ነፋሱን እያየሁ ነበር» አለ።

«ገለበጥከው?» አለችው እናቴ።

«ማን፣ እኔ? ነፋሱን ነው ያልኩሽ!»

ገባች። ይኼ መኪና ሲነሣ ድምፅ ስለሌለው መነሣት አለመነሣቷን ለማወቅ ፊቷን ማየት ነበረብን። ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ በረዶው ከጎማው ሥር ሲፈጭ ሰማን። ወደ መውጫው ሄደችና፣ ፊቷ ምንም ሳይኖር፣ አንድ ጊዜ ፍሬኑን በኃይል ረገጠችው። መኪናው እዚያው ቆመ። አንድ ጊዜ ደገመችው፤ አሁንም እዚያው ቆመ። የኋላው መብራት ጠፋና ወደ መንገዱ ታጠፈች።

እኔና አባቴ ቤት ገብተን አልተኛንም። ስልኩን ጠረጴዛ መካከል አስቀምጠን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሲነጋጋ ጠራ።

«ደርሻለሁ» አለች። «ድልድዩ ላይ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎን ሄድኩ። ምንም አላለኝም። በሉ፣ አሮጊቶቹ ቁርስ አንበላም ብለው እየጠበቁኝ ነው።»

አባቴ ስልኩን ዘጋና ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«አላልኩሽም? ማኅበርተኛ እኮ ነው» አለኝ፣ የሻይ ብርጭቆውን እያነሣ።

አውራ ጣቱ ግን ጎማውን ሲጠርግ እንደጠቆረ ነበር።