ሬሳውም ያበራል

የቡታጅራ ሰው ሀብተወልድን «ግትሩ» ይለው ነበር፤ አልተሳሳተም። ከደብረ ብርሃን መጥቶ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ሲቀጠር ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። መስኮቷ በብርድ ልብስ በተጋረደ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሕመምተኛ አክታ ቢጫ ቀለም እየቀባ በማይክሮስኮፕ ያያል። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ካለ በልዩ መብራት እንደ ወርቅ ያበራል። ካበራ «አለ»፣ ካላበራ «የለም» ብሎ ይጽፋል። ለባላባትም ለድሃም ቃሉ አንድ ነው። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራት ነው።

በ1963 ዓ.ም. አሚኔ የምትባል ሴት ከእንሴኖ መጣች። ዓመት ሙሉ መርፌና ኪኒን ስትወስድ በጓሮ ጎጆ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ የሦስት ዓመት ልጇ ዘይባ ከአማቷ ጋር ናት። ወረቀቱ «የለም» ካለ ለአረፋ ቤቷ ገብታ ልጇን እንድታቅፍ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል። ሳሉ ከተዋት ወራት ስላለፈ፣ ለምርመራ የሚሆን አክታ የተገኘው በስንት መከራ ነው።

ጀርሙ አበራ።

«ወንድሜ፣ ደግመህ እይልኝ» አለችው።

ደግሞ አየና «አለ» ብሎ ጻፈ።

አረፋ እንዳለፈ አገሩን ኩፍኝ ገባው። ዘይባም ታመመች። አሚኔ ከቤቱ ውጭ ቆማ የልጇን ልቅሶ ስትሰማ ሰነበተች፤ በአራተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች።

ከመንፈቅ በኋላ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አዲስ ዱቄት ይዞ መጣ። ዱቄቱ በራሱ አያበራም። ሕያው ጀርም ውስጥ ሲገባ የጀርሙ ኢንዛይም ይሰነጥቀዋል፤ ያኔ አረንጓዴ ይሆናል። ሀብተወልድ ከአሚኔ አዲስ አክታ አስመጥቶ በሁለቱም ሞከረ። በቢጫው አበራ፤ በአዲሱ ጨለማ ሆነ።

«ቢጫው የጀርሙን ሬሳም ያበራል» አለው ሐኪሙ። «ሳሏ ከቆመ ጀምሮ የምታየው ሬሳ ሳይሆን አይቀርም።»

ሀብተወልድ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ አዲሱን የውጤት ወረቀት ይዞ እንሴኖ ወረደ። አሚኔ ደጃፏ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«የለም፣ እህቴ» አላት።

ወረቀቱን እያገላበጠች ቆየች። ማንበብ አትችልም። «ያኔስ? ላቅፋት እችል ነበር ወይ?»

«አትችይም ነበር። ያኔ ጀርሙ ሕያው ነው፤ የሞተው አሁን ነው።»

ሀብተወልድ ያላየውን ውጤት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለች አሚኔ። «እንኳንም አልነካኋት።»