ልጄን ከስኳሽ ላስወጣት ሄጄ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከቤት በወጣች ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው ለቡ ነው። ልጄ ትንሣኤ ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ጂም ውስጥ ስኳሽ ትማራለች። በግድግዳ በታጠረ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዲት ትንሽ የጎማ ኳስ እየተፈራረቁ በራኬት ከፊት ለፊት ግድግዳ ጋር የሚያጋጩበት ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ጉንጯ አብጦ መጣች። ኳሷ ከመከላከያ መነጽሯ ሥር ነበር ያረፈችው። መነጽሩ ባይኖርስ እያልኩ ምግብ አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ላስወጣት ሄድኩ። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ አልተከራከረኝም።

«ማዘር፣ ያስወጧት። ግን መጀመሪያ ገብተው ይዩት» አለኝ።

«እኔ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው?»

«ግድግዳው ሰርተፍኬት አይጠይቅም።»

ልጄ ሳቀች። እልህ ያዘኝ። የምፈራውን ነገር ሳላውቀው አልፈርድበትም አልኩና በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ መነጽር አድርጌ ገባሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተማርኩ። ራኬቱን የሰው እጅ እንደሚጨብጡ አድርጎ መያዝ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ኳሷ የጎኑን ግድግዳ ታክካ ወደ ኋላ እንድትሄድ መምታት፣ ከዚያ ቶሎ ወደ መሃል መመለስ። መጀመሪያ አየር ብቻ ነበር የምመታው። ትንሣኤ «እማ፣ ዝንብ ነው እንዴ የምታባርሪው?» ትለኛለች። አልተውኩም።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ያደግኩት ሆሳዕና አካባቢ ነው። በእኛ ቤት ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ ከትልቅ ሰው ፊት የሚወጣው ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። ልጄንም እንዲሁ አሳደግኳት። በስኳሽ ግን ከፊት ያለው ሰው ለኋለኛው ጀርባውን ሰጥቶ መቆም አለበት። እኔ እዞራለሁ። አሰልጣኙ «አይዙሩ፣ ማዘር» ማለት ሰለቸው።

አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ስንጫወት ኳሷን አጥብቄ መታሁ። ከኋላዬ የልጄ ጫማ ሲንሸራተት ሰማሁ። የወደቀች መስሎኝ ሙሉ ፊቴን አዞርኩ። ራኬቷ ከፍ ብሏል፣ ኳሷ በመካከላችን ናት። «በኢየሱስ ስም» ከማለት ሌላ ጊዜ አልነበረኝም።

አልመታችም። እጇን እዚያው አቆመችው። ኳሷ ነጥራ አለፈች።

«እማ፣ ደግሞ ዞርሽ» አለችኝ። «እኔም እኮ የተመታሁት እንዲህ ነው። ከኋላዬ ትልቅ ሴት ነበረች፤ ጀርባ መስጠት አፍሬ ዞርኩ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ጉንጯን ያሳበጠው እኔው ያስተማርኳት ነገር ነው።

«ሰው ፊት ለፊት ከገባ መምታት የለም፤ ነጥቡ ይደገማል። ልጅዎት ሕጉን ታውቃለች» አለ አሰልጣኙ።

አላስወጣኋትም። ፍርሃቴ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም፤ አሁንም ስትወጣ እጸልያለሁ። ነገር ግን እጇን አንስታ ማቆም የምትችል ልጅ እንዳለችኝ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ቅዳሜን አልቀረሁም። በግራ በኩል የምትመጣው ኳስ ገና አልተገራችልኝም፤ እሷን ሳልገራ አልወጣም።