አባባ፣ ሬሱ የመኪና ነበር!

ዛሬ አባቴ ሳን ሆዜ ውስጥ ማይክ ፊት ቁጭ ብለው ሰባት ቤት ድረስ ዘራቸውን ቆጠሩ። የተጠሩት ስለ መኪና ውድድር እንዲያወሩ ነበር!

ከዓመታት በፊት ዳውንታውን ዓለም አቀፍ ውድድር ሲካሄድ አባባ እዚያው ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። አሁን የውድድሩን ታሪክ የሚሰበስቡ ሰዎች ያኔ የነበረውን ሁሉ ሪከርድ እያደረጉ ነው።

ለአባባ የላኩት የአማርኛ ወረቀት ግን «ስለ ዓለም አቀፍ ዘር የሚያውቁትን ይንገሩን» ይላል። እንግሊዝኛው «ሬስ» እሽቅድምድምም ዘርም ስለሆነ፣ ተርጓሚው ዘሩን መርጦ ቁጭ!

እኔ ደግሞ ወረቀቱን ሳላነብ፣ ሥራ ካንስል አድርጌ ከኦክላንድ በ880 አውራ ጎዳና ትራፊክ እየተንፏቀቅኩ አደረስኳቸው።

አባባ ቆጠራውን ከትውልድ አገራቸው ከወረኢሉ ጀምረው ቅድመ አያታቸው ጋ ሲደርሱ፣ የምትቀርጸው ሴትዮ በትህትና «መኪኖቹስ?» አለቻቸው።

«በሳቸው ጊዜ ምን መኪና አለ? በቅሎ ነበረቻቸው። ተርጉሚላት እንጂ!» አሉኝ። ተረጎምኩ። ምን ላድርግ?

ስንመለስ፣ መንገድ ላይ «የዚያ ውድድር መኪኖችማ የባቡሩን ሐዲድ ሲያገኙ እንደ ፌንጣ ይዘሉ ነበር። ድምፃቸው ጆሮዬን ሦስት ቀን ደፍኖኛል» ብለው አይጀምሩልኝም?

«አባባ! ይሄን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እንግዲህ የሳን ሆዜ የመኪና ውድድር ታሪክ ውስጥ የወረኢሉ ዘሮቼ በሙሉ ገብተዋል። መኪና ግን አንድም የለም፤ አንዲት በቅሎ ብቻ።

እናንተስ ቤት ትርጉም ጉድ የሠራው ሰው የለም? ጻፉልኝ እንጂ፣ ብቻዬን ልብገን?