የሙሽራ ክላክስ

«ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከመካኒሳ ቤታችን በፒካፕ ሲወስዱኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ሚኒባሱን አስነሥቶ ከኋላ ተከተለን። ዝም ብሎ ቢከተል ጥሩ ነበር። እንደ ሰርግ አጃቢ ክላክሱን ይነፋው ጀመር፤ ፒፕ ፒፕ፣ ፒፒፒፕ! መንገደኛው ሙሽራ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ግራና ቀኜ የተቀመጡት ፖሊሶች ተያዩ።

«ማነው ይሄ?» አለኝ አንደኛው።

«ወንድሜ ነው።»

«ያመዋል እንዴ?»

«አይ፣ ጠባዩ ነው።»

ሳቄ መጣ። እሱ ማለት እንዲህ ነበር። በጀሞ መስመር የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ቦርጩ መሪውን የሚነካ፣ አሮጊት በነጻ የሚጭን፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚያስቅ። እናታችን «የወንድምህን ድርሻ ሳቅ ጨምረህ ነው የወጣኸው» ትለው ነበር። እውነቷን ነው፤ እኔ ኩስትርትር ያልኩ ሰው ነኝ።

ያስገቡኝ በጀሞ መንገድ ከአስፋልቱ ዳር ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የላብና የእርጥብ ካልሲ። ጠያቂ ማየት ክልክል ነው፤ ምግብ በር ላይ ይቀበላሉ፣ በቃ። በማግስቱ ጠዋት ከቆርቆሮው ማዶ ያው የሰርግ ክላክስ ተሰማ። ዘልዬ ተነሣሁና ቆርቆሮውን በመዳፌ ደበደብኩት። ወዲያው የወንድሜ ድምፅ ከበሩ መጣ፦ «ይሄን ለሙሽራው ስጡልኝ! አገር ሊመራ ነው፣ በባዶ ሆዱ አይሆንም!» ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እሱ ይነፋል፣ እኔ እመታለሁ። እስረኛውም ስሜን ትቶ «ሙሽራው» ይለኝ ጀመር።

አንድ ሰሞን ግን ክላክሱ ይነፋል፣ ምግቡ ይመጣል፣ ቀልዱ አይመጣም። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ይሆናል አልኩ።

በዚያው ሰሞን ከጀሞ አንድ አዲስ እስረኛ አመጡ። «ሙሽራው» ሲሉኝ ሰምቶ ትክ ብሎ አየኝና የክፍላችን አለቃ ወደሆኑት የፉሪ ሽማግሌ ሄዶ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ዞረብኝ። ጥግ ያለውን ደህና ቦታ ለቀቁልኝ። ትራሱን ለማንም የማያውስ ሰው «እንካ» አለኝ። እራት ላይ ከዚህም ከዚያም ጉርሻ ሆነ።

«ልፈታ ነው እንዴ?» አልኩ። አንዱ ሌላ ጉርሻ አፌ ላይ ደቀነ።

«ወይስ ሌላ ቦታ ሊወስዱኝ ነው?»

«ብላ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ዝም ብለህ ብላ።»

ሰው ያለ ምክንያት ሲያከብርህ ያስፈራል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሐዘንተኛውን እራት አብልቶ ጎህ ሲቀድ መንገር የአገር ወግ ነው። ግን እስር ቤት ድረስ መርዶ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ሁሉም ተነሥተው ዙሪያዬን ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ወንድምህ አርፏል» አሉኝ ሽማግሌው።

«የትኛው ወንድሜ?» አልኳቸው። ያለኝ አንድ ብቻ ነው።

«ታላቅህ።»

«አይሆንም። ትናንት ክላክሱን ሰምቻለሁ። መታሁለት እኮ!»

አዲሱ እስረኛ ቀስ ብሎ ተናገረ። ቀብሩ ላይ ነበር። ወንድሜ ተራ እየጠበቀ መሪው ላይ ተደፋ፤ ሹፌሮቹ እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መስሏቸው ሲስቁ ቆዩ። አሁን ታክሲዋን የሚነዳት የልብ ጓደኛው ነው፣ የዚህ ሰው ጎረቤት። «እናትህ ናቸው እስኪፈታ እንዳይሰማ ያሉት» አለኝ። «ማታ ማታ ጓደኛውን በር ላይ ጠብቀው ‹መታ?› ይሉታል። ‹መታ› ሲላቸው ነው እህል የሚቀምሱት።»

እንባ አልመጣልኝም። ለእኔም እንደ ሹፌሮቹ፣ ወንድሜ የሚያሾፍ ነው የመሰለኝ። አሁን በበሩ ብቅ ብሎ ይሄን ሁሉ ኩርፍ ያለ ፊት ሊስቅበት ነው አልኩ።

ፒፕ ፒፕ፣ ፒፒፒፕ!

ቀጥ ብዬ ተነሣሁ። ልቤ «ይኸው! አለ!» አለኝ። ወደ ቆርቆሮው ሄድኩ፤ እጄ ግን አልነሣ አለ። ሁሉም ያየኛል። ካልመታሁ ማታ እናቴ ምን ትባላለች? ክላክሱ ዝም አለ፤ ከዚያ ደግሞ ተነፋ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው።

መታሁት። ከሌላው ቀን ሁሉ አበርትቼ፣ መዳፌ እስኪደነዝዝ መታሁት። ማዶ ሞተሩ ተነሥቶ ሄደ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«አሁን አልቅስ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ ያ ሁሉ የማይተዋወቅ ሰው «እግዜር ያጥናህ» እያለ። እኔም በየጠዋቱ ከለቅሶዬ እየተነሣሁ እመታ ነበር።

ስፈታ ጀሞ አክስቴ ቤት ወስደው እራት አበሉኝ። እናቴ ከል አልለበሰችም። ፊቷን እያየሁ ጎረስኩ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጡ፤ አንገቴን ደፍቼ መርዶዬን እንደ አዲስ ሰማሁ። የማስመስል መስሎኝ ነበር፤ ግን ያኛው ለቅሶ ከፊተኛው ባሰ። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ልጄ እዚያ እያለ እንኳን አልሰማ፣ ተመስገን» ትላለች። ትበል።

የወንድሜ ጓደኛ የዚያን ዕለት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ታውቅ ነበር» አለኝ በቀስታ። «አንድ ቀን ሁለቴ አስነፋኸኝ።»

«ማወቄን ካወቅክ ለምን በየቀኑ መጣህ?»

«አንተስ ለምን መታህ?»

ንፍሮ ዘገነና ግማሹን መዳፌ ላይ አደረገልኝ።

ዛሬም ወደ ጀሞ ስሄድ የሱ ተራ ከደረሰ ጋቢና እገባለሁ። መጋዘኑ አሁን ሲሚንቶ ይራገፍበታል። እዚያ ስንደርስ ክላክሱን ይነፋል፤ እጄም ሳላዘው የታክሲዋን በር ይመታል። ማን ለማን እንደሚነፋ፣ እኔም ለማን እንደምመልስ አልገባኝም።

«ወራጅ አለ እንዴ?» ይላል ረዳቱ ከኋላ።

«የለም» ይላል ጓደኛው። «ሙሽራው ነው።»