ቀድሜ የጀመርኩት መዝሙር

ዛሬ የልጄን የመዘምራን ቀሚስ ከሻንጣ ሳወጣ የናፍታሊኑ ሽታ በእሷ ዕድሜ ወደቆምኩበት መድረክ መለሰኝ።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ እዚያው የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነው። ቀሚሴ በሙቀቱ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሁሉም የመሪውን እጅ ሲጠብቅ እኔ መዝሙሩን ቀድሜ፣ ብቻዬን ጀመርኩት። መሪያችን ጋሽ ታደሰ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ አላስቆሙኝም፤ ቶሎ ለሌሎቹ ምልክት ሰጡ። መዘምራኑ ደረሱልኝ፤ ምእመኑም እያጨበጨበ ተከተለን።

ስንወጣ፣ "ጋሼ፣ አበላሸሁት" ብዬ አለቀስኩ።

"ምን አበላሸሽ? ባቡር ቀድሞ ከተነሳ ሰው ጥሎ ይሄዳል። አንቺን ግን ሮጠን ደረስንብሽ" አሉና በመሐረባቸው ፊቴን ጠረጉልኝ።

አሁን አንገትጌዋን ሳስተካክልላት ልጄ፣ "እማዬ፣ ብሳሳትስ?" አለችኝ።

ጋሽ ታደሰ ዛሬ የሉም።

"ሮጬ እደርስብሻለሁ" አልኳት።